ከለገሃር ባቡር ጣቢያ እስከ ኮሪያ፦ የቃኘው ዘማቾች ውለታ

ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ለገሃር የተነሣው ባቡር ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና ናዝሬትን (የዛሬዋን አዳማ) አቋርጦ በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረደ። የጫነው ወደ ኮሪያ ጦርነት የሚዘምቱ የክብር ዘበኛ ወታደሮችን ነበር። ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 28 ቀን የደቡብ ኮሪያው ፑሳን ወደብ ደረሱ። ሻለቃው በራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም «ቃኘው» ተብሏል፤ የመጀመሪያው አዛዥም ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ።

ኢትዮጵያ ለምን እስከዚያ ድረስ ሄደች? ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር «ድረሱልን» ሲሉ የደረሰ አልነበረም። የተጠቃ አገር ብቻውን መቅረት የለበትም የሚለውን እምነት ኢትዮጵያ የተማረችው በራሷ ደም ነው።

በየተራው ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ። ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው በ253 ውጊያዎች ተሳትፈዋል። ከ120 በላይ ተሰዉ፣ 536 ቆሰሉ። በጠላት እጅ የወደቀ ግን አንድም ምርኮኛ የለም። የሞተ ጓዳቸውን ሬሳ እንኳ ጥለው አልተመለሱም።

እኔ ከዚህ ሁሉ አስበልጬ የማየው ሌላ ሥራቸውን ነው። ዶንግዱቾን በተባለው ስፍራ ጦርነቱ ያለ ወላጅ ያስቀራቸውን ሕፃናት ሰብስበው ማሳደጊያ ከፈቱ፤ ከደመወዛቸው እያዋጡም አበሏቸው፣ አለበሷቸው። ከቤተሰቡ ተለይቶ የዘመተ ወታደር በማያውቀው አገር የሰው ልጅ አባት ሆነ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ውለታው በአደባባይ የሚወራበት ዘመን ብዙም አልቆየም። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ በደቡብ ኮሪያ መዝመት የሚያኮራ ታሪክ መሆኑ ቀረ። ብዙዎቹ ሜዳሊያቸውን በሣጥን ቆልፈው በጡረታ ገንዘብ ልጆች አሳደጉ። ጎረቤታቸው እንኳ ማንነታቸውን ሳያውቅ በዕድር፣ በሰንበቴና በሽምግልና ያገለገሉ ነበሩ።

ደቡብ ኮሪያ ግን አልረሳችም። በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን ከተማ ላይ ሐውልት አቁማላቸዋለች። በሕይወት ላሉት ዘማቾች የገንዘብ ድጋፍ፣ ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል ትሰጣለች። አዲስ አበባ ውስጥ አፍንጮ በር አካባቢ ያለው መታሰቢያ የዚሁ ወዳጅነት ፍሬ ነው። ባዕድ ይህን ያህል ካስታወሰ፣ እኛ የልጆቻቸው ልጆች ምን አደረግን?

ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በዘጠናዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ ወይም ባቱ የምትኖር አንባቢ ሆይ፤ ከቤትህ ግድግዳ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ የአያትህ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ከሆነ ታሪኩን ጠይቅ፤ በሕይወት ካሉ ድምፃቸውን ቅዳ፤ ካለፉም የሚያውቋቸውን አዛውንቶች አነጋግረህ ጻፍ። ምስክሩ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝም።