ስለ ኮድ መጻፊያ ኤዲተር አመራረጥ

ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ኮዱን የሚጽፍበትና የሚያርምበት መሣሪያ ኤዲተር ይባላል። ከኤዲተሮች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው የሚል ክርክር በተማሪዎች ዘንድ ዘወትር ይነሣል፤ ነገር ግን ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ መልስ የሚያገኝ አይመስለንም። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ፋይሉ የሚገኘው የት ነው፥ መሣሪያውስ ስለ ቋንቋው ምን ያህል ማወቅ ይኖርበታል የሚለው ነው።

ለምሳሌ ቪ አይ የተባለውን እንውሰድ። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ኤዲተር ሲሠራ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚገናኘው በሴኮንድ 300 ቢት ብቻ በሚያሳልፍ ሞደም ነበር፤ አንድ ገጽ ማያው ላይ እስኪሞላ ብዙ ይጠበቅ ስለ ነበረ ትእዛዞቹ እጅግ አጫጭር ሆኑ። ዛሬም ቢሆን ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ፥ ሩቅ አገር በተቀመጠ ሰርቨር ላይ አንድ ፋይል ለማረም እርሱን ወይም እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን ቪምን የሚያህል መሣሪያ አናውቅም። ጀማሪውን የሚያስጨንቀው መውጫውን ማጣት ነው፤ ያላስቀመጠውን ትቶ ለመውጣት ኢስኬፕ፥ ኮለን፥ ኪውና ቃለ አጋኖ በተራ መትቶ ኢንተር ማለት እንደሚበቃ ሲያውቅ ግን ግማሹ ፍርሃት ይለቀዋል።

በኮትሊን ወይም በጃቫ የአንድሮይድ ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመቶ ፋይሎች ውስጥ የሚጠራ የአንድ ፈንክሽን ስም መለወጥ አስፈለገ እንበል። ተራ ኤዲተር የሚያየው ፊደሉን ብቻ ስለ ሆነ፥ ስሙን ፈልጎ ሲተካ ሞክሼ የሆነውን ሌላ ፈንክሽን ጭምር ይለውጠዋል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ኮዱን እንደ ቋንቋ ስለሚያነበው አንዱን ከሌላው ይለያል። የዚህ ዕውቀት ዋጋ ግን በማሽኑ ላይ ይወድቃል፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃልና። 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ፥ ለጥቂት መሥመር የፓይተን መልመጃ እንዲህ ያለ ከባድ መሣሪያ ቢከፍት የሚያተርፈው መጠበቅን ብቻ ነው።

በሁለቱ መካከል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ አለ። ስለ መልኩ ብዙ ይወራል፤ ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው የላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል ነው። ከዚያ በፊት 10 ኤዲተሮች 10 ቋንቋዎችን እንዲያውቁ 100 ልዩ ልዩ ማገናኛ መሥራት ያስፈልግ ነበር፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ክፍል ከኤዲተሩ ተለይቶ በአንድ የጋራ ደንብ ሲነጋገር ግን 20 ይበቃል። ኢማክስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 29ኛ እትሙ ጀምሮ ይህን ችሎታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህም አሮጌ ኤዲተር ቋንቋ አያውቅም የሚለው ክርክር ኃይሉን አጥቷል።

በኮዱ ውስጥ አማርኛ ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር ይነሣል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ኤዲተሩ ፊደል ሳይሆን ባይት የሚቈጥር ከሆነ ፊደሉን ከመካከሉ ይቈርጠዋል። በተርሚናል ላይም ፊደሎቻችን ለላቲን በተለካ ጠባብ ቦታ ስለሚገቡ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የራሱ መስኮት ያለውን ኤዲተር እንመርጣለን፤ ከመምረጣችንም በፊት «ሰላም» ብለን እንጽፍና ፋይሉን ዘግተን እንከፍታለን፥ ከዚያም በአንድ ምት አንድ ፊደል ብቻ መጥፋቱን እናያለን።