ወደ ነፋስ መውጫ ስንጓዝ መስኮቱን ማን ዘጋው?

ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ከደብረ ታቦር ወደ ላይ ጋይንት ስንጓዝ ከኋላችን የተቀመጡ አንድ አባት ከመናኸሪያው ጀምሮ ይስሉ ነበር። አፋቸውን አይሸፍኑም፤ አክታቸውንም ከእግራቸው ሥር ይተፉና በጫማቸው ያሹታል። ጋሳይን አልፈን የጉና ብርድ ሲቀበለን፣ ከጎናቸው ሕፃን የታቀፈች እናት መስኮቱን ጥቂት ገፋ አደረገችው። ወዲያው «ኧረ ዝጊው! ብርድ ልታስመቺን ነው?» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ተነሣ። ከጯኺዎቹ አንዱ እኛ ነበርን። ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሰሌዳ ሞልተን የምናስተምረው እኛ! እናቲቱ ቃል ሳትመልስ ዘጋችውና የሕፃኑን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

ነፋስ መውጫ ወደምትባል ከተማ እየሄድን ነፋስ መከልከላችን የታወቀን ከወረድን በኋላ ነው።

ለመሆኑ የሚያሳምመን ብርዱ ነውን? ሮበርት ኮክ የነቀርሳን ተሕዋስ ለዓለም ካስታወቀ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል (እ.ኤ.አ. 1882)። ተሕዋሱ በሽተኛው ሲስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራም ጭምር ከትንፋሹ ጋር ይወጣል፤ በተዘጋ ስፍራ አየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል። መስኮት ሲከፈት ግን ይበተናል። በአንድ ብርጭቆ መጠጣት ነቀርሳን አያስተላልፍም፤ እኛ ግን የታማሚውን ብርጭቆ እንለያለን፣ መስኮቱን እንዘጋለን።

ለሐጅ ወይም ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚበሩ ወገኖቻችን አውሮፕላን መስኮቱ ስለማይከፈት የባሰ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በዘመናዊ ትልልቅ አውሮፕላኖች አየሩ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይለወጣል፤ ተመልሶ የሚዞረውም በረቂቅ ማጣሪያ ያልፋል። በዚህ ረገድ መስኮቱ ከተዘጋው አውቶቡሳችን እጅግ ይሻላል። ቢሆንም ማጣሪያው ከጎረቤት ሳል አያድንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ከሆንግ ኮንግ ወደ ቤይጂንግ በበረ አውሮፕላን ላይ አንድ የሳርስ ሕመምተኛ ነበር። አብረውት ከነበሩት 119 ሰዎች 22ቱ ታመሙ፤ ለርሱ ቀረብ ብለው የተቀመጡት ይበልጥ ተጎዱ። ስለዚህ ጎረቤቱ ያለማቋረጥ የሚስልበት መንገደኛ ጭምብል ያድርግ፤ ባዶ መቀመጫ ካለም አስተናጋጇን በትሕትና ይጠይቅ። ሑጃጆች የማጅራት ገትር ክትባቱን ሳዑዲ ከመድረሳቸው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመው መውሰድ እንዳለባቸውም በዚሁ እናስታውስ።

ታማሚውስ? ከስማዳ ወገዳ፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ከታች ጋይንት አርብ ገበያ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚሳፈረው ከኛው ጋር ነው። ታሟልና ይውረድ ብንል በምን ይሂድ? መሳፈር መብቱ ነው፤ ሳሉን በሰው ፊት መልቀቅ ግን መብቱ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያስነጥሱ ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ይሸፍኑ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ ያደርጉ እንደነበር አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ አውቶቡስ በግማሽ ሰው ሲጓዝ ጭምብል ከሁላችን ኪስ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ከየት ይገኛል? ባይገኝም የጋቢ ጫፍ አለ፤ ለአክታም ፌስታል አለ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ነው፤ የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

አነጋገርም ወግ አለው። ማፍጠጥና አፍንጫ መያዝ ሰውን ያዋርዳል፤ እልኽም ያስይዛል። «አባባ፣ ይማርዎት፤ ወደ መስኮቱ ይጠጉልን፣ ጋቢዎንም አፍዎ ላይ ጣል ያድርጉት» ብንላቸው ኖሮ እኚያ አባት እምቢ የሚሉ አይመስለንም። ማንም አላላቸውም። የጮኽነው በሕፃኑ እናት ላይ ነበር።

ስንመለስ ከመስኮት ሥር ተቀመጥንና ሁለት ጣት ያህል ከፈትነው። ክምር ድንጋይ ሳንደርስ ከኋላችን «ኧረ ጋሼ፣ በረደን፣ ይዝጉት!» የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ብንል የቀድሞ ተማሪያችን ነው። ጋቢያችንን አውልቀን ሰጠነው።