ዱከም ስንተኛ ናት? ስለ ረስት ሰብሳቢ ማክሮ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በአሮጌው አውራ ጎዳና የሚወርድ ሰው ከተሞቹን በዚህ ተራ ያገኛቸዋል፤ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። ዱከም ላይ የምንሳፈር ተማሪዎች ይህን በቃላችን እናውቀዋለን። ይህንኑ ዝርዝር ረስት በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ስንጽፈው ግን ዱከም ከሁሉ መጨረሻ ተገኘች። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለጓደኞቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ማክሮ ማለት ፕሮግራሙ ከመተርጐሙ በፊት አጭሩን ጽሑፍ ወደ ረጅሙ የሚዘረጋ ደንብ ነው። ረስት እ.ኤ.አ. በ2015 አንደኛውን ጽኑ እትም ሲያወጣ ለተራ ዝርዝር የሚሆን ቬክ የሚባል ማክሮ ነበረው፤ ቁልፍና ዋጋ ለሚይዝ መዝገብ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች የየራሳቸውን አበጁ። ለየመያዣው ልዩ ልዩ ማክሮ ከማብዛት ይልቅ ግን ለሁሉ የሚሆን አንድ ማበጀት ይቻላል።

ደንቡም ይህ ነው፤ ለዝርዝር ንጥሉ ብቻ፣ ለመዝገብ «ቁልፍ => ዋጋ» ይጻፍ፤ በነጠላ ሰረዝ እየተለየም ይደጋገም። በቀስቱ ፈንታ «:» ማድረግ አይቻልም፤ ረስት በማክሮ ደንብ ውስጥ ከሚሰላ ሐረግ በኋላ ይህን ምልክት አይፈቅድምና። ማክሮው ንጥሎቹን ደርድሮ «ኮሌክት» በሚባለው ተግባር ለመያዣው ያስረክባል። «ፍሮም ኢተሬተር» የተባለውን ውል የፈጸመ መያዣ ሁሉ ይረከባል። የትኛው መያዣ እንደ ሆነ የሚወስነው ማክሮው ሳይሆን ጸሐፊው የሚያስታውቀው ዓይነት ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ዓይነቱ ጨርሶ ካልታወቀ ተርጓሚው እምቢ ይላል፤ ይህ መልካም ነው። በስሕተት ሌላ ዓይነት ቢጻፍ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። የከተሞቻችን ዝርዝር ቬክ ውስጥ ቢገባ የመንገዱን ተራ ይጠብቃል። ቢትሪሴት ውስጥ ሲገባ በፊደል ተራ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አቃቂ፣ አዳማ፣ ዱከም ይሆናል። ሀሽሴት ደግሞ ለተራ ዋስትና አይሰጥም። የእኛ ስሕተት ሁለተኛው ነበር።

በመዝገብም በኩል፣ ሀሽማፕ ውስጥ አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ የኋለኛው የፊተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሽረዋል። ይህን መቆጣጠር የሚሻ ሰው ንጥሎቹን አንድ በአንድ እያስገባ አሮጌ ዋጋ መመለሱን ይመልከት፤ ያን ጊዜ ግን ማክሮው ለሁሉ የሚሆን መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ ማክሮው የጽሑፉን መልክ ብቻ ይወቅ፤ የመያዣውን ምርጫ ጸሐፊው በግልጥ ይጻፈው እንላለን። ጣትን ከድካም ማሳረፍ ደግ ነው፤ ዱከም የሚወርደው መንገደኛ ግን አዳማ ድረስ መወሰድ የለበትም።