ግዙፉ ፍጡር በጠባቡ መተላለፊያ

3 ሜትር በ3 ሜትር የሚሆን ሥፍራ የሚይዝ ግዙፍ ፍጡር 1.5 ሜትር ስፋት ባለው ዋሻ ማለፍ ይችላልን? ጥያቄው ተረት ቢመስልም ስሌት አለው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው «ደንጆንስ ኤንድ ድራገንስ» ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው የምናብ ገጸ ባሕርያትን ሚና የሚወስዱበት፣ የድርጊታቸውም ውጤት በዳይስ የሚወሰንበት ጨዋታ ነው። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የ5ኛውን እትም ሕግ መሠረት አድርገን መልሱን እንፈልጋለን።

በቅድሚያ «ሥፍራ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በሕጉ መሠረት ይህ ቃል ፍጡሩ በውጊያ ጊዜ የሚቆጣጠረውን ቦታ ያመለክታል። ለአንድ ሰው 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ያህል ይሰጠዋል፤ ትከሻው ግን ይህን ያህል አይሰፋም። ትርፉ መሣሪያ የሚሰነዝርበትና ከጥቃት ገለል የሚልበት ነው። ስለሆነም ፍጡሩ በአንድ የመጠን ደረጃ ለሚያንሰው በሚበቃ ቦታ ተሽሎክሉኮ ማለፍ ይፈቀድለታል፤ ይህን ትርፍ ቦታ በማጣቱ ግን ዋጋ ይከፍላል።

ኦግር የተባለውን ግዙፍ ፍጡር ለምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ዙር፣ ማለትም በ6 ሴኮንድ፣ ኦግር 12 ሜትር ያህል ሲራመድ ሰው 9 ሜትር ያህል ይራመዳል። ዋሻው 36 ሜትር ቢርቅ ሰውየው ለመድረስ 4 ዙር ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ኦግሩ 48 ሜትር ስለሚሄድ፣ ሸሺው ከ12 ሜትር በላይ ካልቀደመው ከደጃፉ ላይ ይያዛል። ዋሻው ውስጥ ከገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እያንዳንዱ የኦግሩ እርምጃ እጥፍ ስለሚቆጠር ፍጥነቱ ወደ 6 ሜትር ይወርዳል።

የማጥቃት ዕድሉም ይቀንሳል። የመከላከያ መጠኑ 16 የሆነን ሰው ለመምታት ኦግሩ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ 10 ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት አለበት፤ ዕድሉ 55 በመቶ ነው። በጠባብ ቦታ ግን ሁለት ዳይስ ተጥሎ ዝቅተኛው ስለሚያዝ ሁለቱም ማለፍ ይኖርባቸዋል፤ 0.55 በ0.55 ሲባዛ 30 በመቶ ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ እርሱን የሚያጠቁት ሁለት ዳይስ ጥለው ከፍተኛውን ይይዛሉ። ቀድሞ 75 በመቶ የመምታት ዕድል የነበረው ተዋጊ ወደ 94 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ሁለቱም ዳይስ የሚስቱበት ዕድል 0.25 በ0.25 ብቻ ነውና።

ይሁን እንጂ የሕጉ አጠቃላይ መለኪያ የመጠን ደረጃ ነው። በተፈጥሮ ወሳኙ የማይታጠፈው የአካል ክፍል ነው። አጥንት የሌለው ኦክቶፐስ ምንቃር መሰል ጠንካራ አፉን ካሳለፈ ቀሪው አካሉ ይከተላል። ካውሺክ ጃያራምና ሮበርት ፉል የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ቆሞ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው በረሮ በ3 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ እንደሚያልፍ አሳይተዋል። ከዚሁ በመነሣት የሚጨመቅ ሮቦት ሠርተዋል፤ ይህ ዓይነቱ ሮቦት በፍርስራሽ ሥር የተቀበሩ ሰዎችን ለመፈለግ እንደሚያገለግል ይታሰባል።

እንግዲህ በጨዋታውም ሆነ በፍርስራሹ ሥር «ያልፋል ወይስ አያልፍም?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ በምን ፍጥነትና በምን ያህል አደጋ እንደሚያልፍም መጠየቅ ያሻል። እስቲ አንባቢያን ሰውየው ጋሻ አንሥቶ የመከላከያ መጠኑ 18 ቢሆን የኦግሩ ዕድል በሜዳና በዋሻ ስንት እንደሚሆን አስሉት።