ብርድ የሚቆጥር አበባ

ጓዳ ጥግ ከጆንያ ሥር የተረሳ ሽንኩርት አረንጓዴ ቀንድ አውጥቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አፈር አልነካም፣ ውሃ አልጠጣም፣ ብርሃንም በቅጡ አላገኘም፤ ግን በቅሏል። የቤቱ እመቤት «ይሄማ አለቀለት» ትልና ቀንዱን ቆርጣ የተረፈውን ትከትፈዋለች።

ስቶክሆልም ወይም አምስተርዳም ውስጥ በታኅሣሥ ወር ወደ አንድ ቤት ቢገቡ፣ ይኸው ጓዳ ውስጥ የሚናቀው ነገር መስኮት ላይ በክብር ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ። አንገቱ ጠበብ ያለ ብርጭቆ አፍ ላይ ሽንኩርት የሚመስል ነገር ጉብ ብሏል። ከታቹ እንደ ሽበት የነጣ ሥር ውሃው ውስጥ ተንዠርግጓል፤ ከላዩ ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ጢም ብሎ ፈንድቷል። ሽታው በሩ ላይ ይቀበላል። ውጭው ግን በረዶ ነው፤ አትክልት ስፍራው ሁሉ ገና እንደተኛ ነው።

አበባው ሃያሲንት ይባላል። ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በዮሐንስ ራእይ ከተዘረዘሩት የከበሩ ድንጋዮች አንዱ የሆነው ያክንት የመጣው ከዚያው የግሪክ ቃል ነው። ሃያሲንት፣ ቱሊፕ፣ ናርሲስና ክሮከስ የአንድ ሙያ ቤተሰቦች ናቸው። ሁሉም ከመሬት በታች ስንቃቸውን ቋጥረው ይተኛሉ። ቋጠሮውን የእርሻ ሰዎች ኮረት ይሉታል። ይህን ኮረት አታልሎ ያለ ጊዜው ቤት ውስጥ እንዲያብብ ማድረግን እንግሊዞች «ማስገደድ» በሚል ቃል ይጠሩታል። ደቾች የሚጠቀሙበት ቃል ደግሞ ከዶሮ መታቀፍ ጋር የሚዛመድ ነው። ሥራውን ቀረብ ብሎ ላየው የደቾቹ ቃል ይበልጥ ይስማማዋል።

በመስከረም የተገዛ አንድ የሃያሲንት ኮረት ከአናቱ እስከ ታቹ በቢላ ለሁለት ይሰንጠቅ። ግራና ቀኝ ወፍራም፣ ነጭ፣ ውሃ የቋጠሩ ንጣፎች ተደራርበዋል፤ ስንቁ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ከታች ጠንካራ ክብ ወለል አለ፤ ሥሩ የሚወጣው ከዚያ ነው። መሐል ላይ፣ ወለሉ ላይ ቆማ፣ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ እሸት በቆሎ የምትመስል ነገር ትታያለች። እያንዳንዷ ፍሬ አንድ አበባ ናት። አበባው ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው። ቅጠሎቹ ባለፈው ፀደይ ፀሐይ ሞቀው፣ ስንቁን ወደ ታች ልከው ደርቀዋል፤ እምቡጡ በበጋው ተሰናድቶ በሩ ተዘግቶበታል። ቤት ውስጥ የሚያስፈነዳው ሰው ሥራ በሩን መክፈት ብቻ ነው።

ቁልፉ ብርድ ነው። የሃያሲንት አገሩ ቱርክ፣ ሶርያና ሊባኖስ ነው፤ የቱሊፕ ደግሞ የመካከለኛው እስያ ተራሮች። በጋው የሚያደርቅበት፣ ክረምቱ በረዶ የሚጥልበት ምድር ነው። (ክረምት ስል የሐምሌን ዝናብ ሳይሆን የበረዶውን ወራት ነው።) እዚያ የሚኖር ኮረት በጥቅምት ሞቅ ባለ ቀን ተታልሎ ቢወጣ፣ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ውርጭ ይፈጀዋል። ስለዚህ ሙቀት ሲሰማው አይቸኩልም፤ አስቀድሞ ብርዱን ይቆጥራል። ሳምንታት የዘለቀ ብርድ ካላለፈበት ክረምቱ መውጣቱን አያምንም። በዚያ ጊዜ የቋጠረው ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ የአበባው ዘንግም ሙቀት ባገኘ ቀን ለመመዘዝ ይዘጋጃል። ብርዱን ያልጠገበ ቱሊፕ ቢበቅልም ዘንጉ ያጥራል፤ አበባው ቅጠሉ መሐል ተወሽቆ ይቀራል ወይም እምቡጥ ሳለ ይደርቃል። አዲስ አበባ ላይ የኅዳር ሌሊት ቢቆረቁርም ቀኑ ስለሚሞቅ ሒሳቡ አይሞላም፤ እዚያ ለሚሞክረው ሰው ክረምቱ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ሙያው ዛሬ ያለበት የደረሰው በብዙ እጅ ነው። የዕፅዋት ሊቁ ካሮሉስ ክሉሲዩስ እ.ኤ.አ. በ1593 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ከኦቶማን ግዛት የተገኙ ቱሊፖችን ይዞ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ኔዘርላንድስ በቱሊፕ ንግድ አበደች፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1637 ዋጋው ባንድ ጊዜ ተንኮታኮተ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተራው የሃያሲንት ሆነ። በብርጭቆ ላይ የማሳደጉ ፋሽን ከሉዊ 15ኛ ወዳጅ ከማዳም ደ ፖምፓዱር ስም ጋር ይነሣል። በቀጣዩ መቶ ዓመት ብርጭቆው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ደህና ኑሮ ባላቸው የእንግሊዝ ቤቶች መስኮት ላይ ተደረደረ።

የመጨረሻውን ቁልፍ የሰጠው ግን ቤተ ሙከራ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የቫኸኒንገኑ ፕሮፌሰር አንቶን ሄንድሪክ ብላው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ኮረት እየሰነጠቀ፣ በየትኛው ሳምንት ስንት ዲግሪ ሙቀት እምቡጡን እንደሚያፋጥን ወይም እንደሚያዘገይ አጠና። ዛሬ በጥር ወር ከሱፐርማርኬት የሚገዛው የቱሊፕ እቅፍ የዚህ ቆጠራ ልጅ ነው። «ተዘጋጅቷል» ተብሎ የሚሸጠው ሃያሲንትም ገበሬው በበጋ በልክ አሙቆ ቀኑን ያሳጠረለት ነው።

ቆጠራውን በእኛ አቆጣጠር እናድርገው። ሃያሲንቱ ለገና እንዲደርስ ከተፈለገ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። ከታኅሣሥ 29 ወደ ኋላ ሦስት ሳምንት ለሙቀትና ለብርሃን፤ ከዚያ ወደ ኋላ አሥራ ሁለት ሳምንት ለብርድ። ድምሩ 105 ቀን ነው፤ መስከረም 14 ላይ ያደርሰናል። የመስቀል ደመራ ሳይቆም ብርጭቆ ላይ የወጣ ኮረት ገናን አብቦ ያከብራል ማለት ነው። ቱሊፕ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ከ14 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ይጠይቃል። ስለዚህ በዚያው ቀን ቢጀመር የሚያብበው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብርጭቆው እስከ አንገቱ ውሃ ይሞላል፤ ኮረቱ ሾጣጣ አናቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ውሃው የኮረቱን ቂጥ እንዳይነካ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ ከነካው ይበሰብሳል። ሥሩ ውሃውን ፈልጎ ራሱ ይወርዳል። ብርጭቆ ከሌለ አፈር የሞላ ሸክላም ይሆናል፤ ኮረቶቹን አጠጋግቶ፣ አናታቸውን ብቅ አድርጎ መትከል ነው። ቀጥሎ ከ4 እስከ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ጨለማ ቦታ ይቀመጣል፤ ምድር ቤት፣ ጋራዥ ወይም ፍሪጅ።

ፍሪጁ ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው ፖም ነው። ፖምና ሙዝ ሲበስሉ የሚያወጡት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ኮረቱ ውስጥ ያለውን እምቡጥ ይገድለዋል። ውጪው ደህና ይመስላል፤ የቤቱ ሰው ግን ሦስት ወር ሙሉ ሬሳ ሲጠብቅ ይከርማል። ሁለተኛው አደጋ ወጥ ሠሪዋ ናት። ከአገር ቤት ልጇን ልትጠይቅ የመጣች እናት ፍሪጅ ውስጥ የወረቀት ከረጢት ብታገኝ፣ ቁሌት ልታቁላላበት ትችላለች። የሃያሲንትም ሆነ የናርሲስ ኮረት መርዛማ ነው፤ ለድመትና ለውሻም አይሆንም። የሃያሲንቱ ደረቅ ቅርፊት የእጅ ቆዳን ያሳክካል፤ ጓንት ማድረግ ይበጃል። ከረጢቱ ላይ በትልቁ «አይበላም» ብሎ መጻፍ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

ብርዱ ሲጠናቀቅ ሥሩ ብርጭቆውን ይሞላል፤ ከአናቱም ሦስት አራት ሴንቲሜትር ቡቃያ ይወጣል። ያኔ አውጥቶ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ መደቀን ስሕተት ነው። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ቀዝቀዝና ጨለም ያለ ቦታ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ መስኮት። ጀርመኖች በዚህ ጊዜ ከወረቀት የተሠራች ሾጣጣ ቆብ ያጠልቁለት ነበር። የድሮ የሃያሲንት መስኮት ቆብ የደፉ ሕፃናት የተሰለፉበት ይመስላል። ቆቧ ለጌጥ ብቻ አልነበረችም፤ አበባው ቶሎ ብርሃን ካየ አንገቱን ሳያወጣ ቅጠሉ መሐል ይፈነዳል። በጨለማ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ ቆቧን ከፍ ሲያደርጋት ጊዜው ደረሰ ይባላል።

ብርድ የማይጠይቅ አንድ ዘመድ አላቸው፤ ከሜድትራኒያን ዳርቻ የመጣው ነጩ ናርሲስ፣ ፔፐርዋይት። ጎድጎድ ባለ ሳህን ጠጠር አፍስሶ፣ ኮረቶቹን ጠጠሩ ላይ አቁሞ፣ ውሃውን ከቂጣቸው ዝቅ አድርጎ መሙላት ነው፤ በወር ከምናምን ያብባል። ጉድለቱ ቁመቱ ነው፤ ይረዝምና ይወድቃል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዊልያም ሚለር ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ያስቃል፤ አልኮል። ቡቃያው ትንሽ ከወጣ በኋላ ተራው ውሃ ተደፍቶ ከ4 እስከ 6 በመቶ አልኮል ባለው ውሃ ሲተካ፣ ተክሉ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ያጥራል፤ አበባው ግን አይጎድልበትም። አንድ እጅ ቮድካ በሰባት እጅ ውሃ ልኩ ነው። ቢራና ወይን ስኳር ስላለባቸው አይሆኑም፤ በዚህ ሒሳብ ጠጅም ለጠጪው ቢቀር ይሻላል።

ለዓውደ ዓመት ሕያው ነገር ቤት ማስገባት የሰሜን አውሮፓ ሰው ብቻ ልማድ አይደለም። ኢራናውያን ለአዲስ ዓመታቸው ለኖውሩዝ በሚያሰናዱት ገበታ ላይ ሃያሲንት ያኖራሉ። ቻይናውያን በውሃና በጠጠር ያበቀሉትን ናርሲስ ለአዲስ ዓመታቸው ያደርሱታል። እኛ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። ልዩነቱ ቄጠማው በዋዜማው ተገዝቶ ሲመጣ፣ የሰሜን አውሮፓው ሰው ዓውደ ዓመቱን ከሦስት ወር በፊት ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጡ ነው።

ኮረቱ የቋጠረው ስንቅ አንድ ጊዜ ለሰውም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ፣ በናዚ ወረራ ሥር የነበረችው ኔዘርላንድስ ስትራብ፣ ሕዝቡ መሐሉን እያወጣ የቱሊፕ ኮረት በላ። ከዚያ ረሃብ ከተረፉት ልጆች አንዷ ኋላ የፊልም ኮከብ የሆነችው ኦድሪ ሄፕበርን ናት፤ ቤተሰቧ የቱሊፕ ኮረት ዱቄት አድርጎ ይጋግር ነበር። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነው፤ መቀሌ የነበረውን የሕፃናት ማሳደጊያም ጎብኝታለች።

የመስኮቱ ሃያሲንት አበባ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሲረግፍ ኮረቱን በሁለት ጣት ጫን አድርገው ይሞክሩት። በመስከረም እንደ ድንጋይ የጠነከረው አሁን ይልማል፤ ስንቁ ወደ ላይ ወጥቶ አበባና ሽታ ሆኗል። በአፈር የበቀለው አበባው ተቆርጦ ቅጠሉ እስኪደርቅ በፀሐይ ቢቆይ፣ በኋላም ግቢ ቢተከል፣ ዓመት ሁለት ዓመት አርፎ ዳግም ሊያብብ ይችላል። በባዶ ውሃ ያበበው ግን የሚተካለት የለም፤ ወደ ማዳበሪያው ጉድጓድ ይሄዳል። ብርጭቆው ታጥቦ እስከ መስከረም ቁም ሣጥን ይገባል።