«ለመሮጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?»

ውድ አንባቢያችን፣ ልጅዎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ፣ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት ጨርሳ ለዕረፍት ወደ ቤት መጥታለች እንበል። ማታ እራት ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ገና አንድ ሁለት እንደ ጎረሳችሁ፣ «እማዬ፣ የትምህርት ክፍል መረጥኩ፤ ስፖርት ሳይንስ ነው» ብትልዎት ምን ይመልሱላታል?

ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጎንደር ከተማ፣ አዘዞ ውስጥ በአንድ ቤት ቡና ተፈልቶ ይኸው ጉዳይ ሲነሣ ሰምተናል። የቤቱ እመቤት ልጃቸው የመረጠችውን ትምህርት ለጎረቤቶቻቸው የነገሩት ትንሽ አፈር እያሉ ነበር። አንዷ ጎረቤት ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ለመሮጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? የወገራ ሜዳ ሞልቶ!» አሉ። ሌላዋም፣ «ሴት ልጅ በቁምጣ! ነርስነት እያለላት!» ሲሉ አከሉበት። ልጅቷ ረከቦቱ ሥር ተቀምጣ ቡናውን ትቀዳ ነበር። አንገቷን እንደ ደፋች፣ «እትዬ፣ የምንማረው መሮጥ ብቻ አይደለም እኮ» ብላ ዝም አለች። በረካው ሳይደርስ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ።

ያቺ ልጅ ጀምራ ያልጨረሰችውን ነገር በዛሬው ዓምዳችን እንጨርስላታለን።

ምን ይማራሉ?

ስፖርት ሳይንስ የሰው አካል ሲንቀሳቀስ፣ ሲደክም፣ ሲያርፍና ሲጠነክር ምን እንደሚሆን የሚያጠና ትምህርት ነው። ተማሪዋ በመጀመሪያ የአካልን አሠራር ትማራለች፤ ይኸውም አጥንቱን፣ ጡንቻውን፣ ጅማቱን፣ ልቡንና ሳንባውን ማለት ነው። ቀጥሎ የእንቅስቃሴ መካኒክስን፣ የስፖርት ሥነ ምግብን፣ ሥነ ልቡናን፣ የአሠልጣኝነትንና የማስተማርን ዘዴ፣ የመጀመሪያ ርዳታን ትማራለች። ከዚህ ጎን አትሌቲክሱ፣ ጅምናስቲኩ፣ መረብ ኳሱ፣ እግር ኳሱና ሌላውም በሜዳ ላይ በተግባር ይሰጣል። ጧት በሜዳ የሮጠችው ተማሪ ከሰዓት በኋላ የልብ ምቷ ለምን እንደ ጨመረና በስንት ደቂቃ ወደ ቦታው እንደ ተመለሰ በደብተሯ ታሰላለች።

ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ከቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዘው ዳገቱን ሲወጡ ልብዎ የሚመታው፣ የሚሠሩት ጡንቻዎች ተጨማሪ ኦክሲጅን ስለ ጠየቁ ነው። አንድ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 20 ኪሎ ነው። ይህንን ከመሬት ሲያነሡ ከወገብ ጎንበስ ቢሉ ጫናው በአከርካሪ ላይ ያርፋል፤ ጉልበትን አጥፎ ሸክሙን ወደ ደረት አስጠግቶ ቢያነሡት ግን ብዙው ሥራ ወደ ጠንካራው የጭን ጡንቻ ይሄዳል። የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ይህን የምትማረው ለክብደት አንሺ ብቻ ብላ አይደለም። ለእርስዎም ወገብ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ እናቶች፣ «እኛ ቀኑን ሙሉ ስንባክን ነው የምንውለው፤ ከዚህ የበለጠ ስፖርት አለ ወይ?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የቤት ሥራ ድካም ነው። ነገር ግን ድካምና ልምምድ አንድ አይደሉም። ልምምድ መጠን አለው፤ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ዕረፍትም አለው። ጡንቻ የሚጠነክረው ከሥራው በኋላ በሚያገኘው ዕረፍትና ምግብ ነው። ዕረፍት የሌለው ሸክም ግን በየዓመቱ ወገብንና ጉልበትን ይበላል። ይህንን ልዩነት አውቆ ለሌላው የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ጎንደርና የጤና ትምህርት

ትምህርቱ በጎንደር መሰጠቱም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት፣ ዓላማው በሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛን የሚጠብቅ ሰው ማውጣት ብቻ አልነበረም። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እየወጡ፣ ሕዝቡ ሳይታመም በፊት ጤናውን እንዲጠብቅ ያስተምሩ ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው ከሕክምናው ጎን የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ የሚያክመውን ፊዚዮቴራፒን ያስተምራል፤ ስፖርት ሳይንስንም እንዲሁ። አንዱ ሙያ የተጎዳውን ያድናል፤ ሌላው እንዳይጎዳ ያዘጋጃል።

ደግሞም በአገራችን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ የአካል ብቃት ኮርስ ተካትቷል። ስለዚህ ነገ ሐኪምም ሆነ መሐንዲስ የምትሆነዋ ልጅ ይህን ትምህርት ጥቂትም ቢሆን ትቀምሰዋለች ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ የመጡት ጠያቂዎች

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሲጓዙ ደባርቅ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የስሜን ተራሮች ናቸው። በእነዚህ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,530 ሜትር በሚሆነው በአምባራስ፣ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በደጋው ነዋሪዎች ላይ ጥናት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። ከባልደረቦቹም አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበሩ።

የፈለጉት መልስ ይህ ነበር፦ በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። ታዲያ የደጋው ሰው አካል እንዴት ቻለው? በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን በዝቶ ይገኛል። በአምባራስ 236 ሰዎች ሲመረመሩ ግን የተገኘው ሌላ ነው። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ ይህም በቆላና በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ጤነኛ ሰው እምብዛም የራቀ አይደለም። በደማቸው ያለው የኦክሲጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። የኛ ደገኞች አካል ከአንዲስም ከቲቤትም ነዋሪዎች የተለየ መንገድ ይዞ ከከፍታው ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

ውድ እናት፣ እስቲ ይህን ልብ ይበሉት። በግ ስትጠብቅ ያደገችው፣ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ዳገት የምትወጣው የስሜን ሴት አካል ለዓለም ሳይንስ ትልቅ ጥያቄ ሆኗል። ጥያቄውን ለመጠየቅ ሰዎች ባሕር ተሻግረው መጡ። የዚያው አገር ልጅ ግን ይህን ጥያቄ ለመማር ስትነሣ «የወገራ ሜዳ ሞልቶ!» እንላታለን። ልጆቻችን ተመዛኝ ብቻ ሳይሆኑ መዛኝም የሚሆኑት ይህን የመሰለውን ትምህርት ሲማሩ ነው።

ስለ ሴትነቷ የሚሰጉ እናቶች

«ሩጫ ማሕፀን ይጎዳል» የሚለው ሥጋት የኛ ብቻ አልነበረም። በአምስተርዳም ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1928 ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ፣ «ለሴት አቅም ከባድ ነው» ተብሎ ውድድሩ ታግዶ ሳለ እስከ 1960 የሮም ኦሊምፒክ ድረስ ቆየ። የሴቶች ማራቶንም በኦሊምፒክ የተፈቀደው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። ከዚያ በኋላ የኛዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ወልዳም ተመልሳ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በዚያው ርቀት ድጋሚ አሸነፈች። ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልግም።

እውነተኛው ሥጋት ሌላ ነው፤ እሱም በእናት እጅ ያለ ነው። ብዙ የምትለማመድ ልጅ በቂ ምግብ ካላገኘች የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ይህ ሲቆይ አጥንቷ ይሳሳል። ስለዚህ ልጅዎ የወር አበባዋ ቢቀርባት ለእርስዎ ለመናገር እንዳታፍር ከወዲሁ ያቅርቧት። በጾም ወራትም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፉና ተልባው ይብዛላት፤ ቁርስ ሳትበላ ስትለማመድ አትዋል።

ሁለተኛው የደም ማነስ ነው። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ12 ግራም በታች ሲሆን ደም አንሷታል ይባላል፤ በደጋ ለሚኖሩ ደግሞ ለከፍታው ማስተካከያ ይደረጋል። ደረጃ ስትወጣ የሚደክማትን፣ ፊቷ የገረጣውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ በእህልና በጥራጥሬ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ሎሚ፣ ብርቱካንና ቲማቲም ደግሞ ይረዳሉ። ስለዚህ ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ለመላው ቤተሰብ ይጠቅማል።

የአለባበሱም ነገር ቢሆን የሚያጣላ አይደለም። ለእንቅስቃሴ የሚመች ረጅም ቱታ አለ፤ ነጠላም በቦታው ይለበሳል።

እንጀራ ይወጣዋል ወይ?

ይህ የእናት ጥያቄ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባም። የተመረቀችው ልጅ በትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት፣ በክለብ አሠልጣኝ፣ በስፖርት መሥሪያ ቤት ባለሙያ፣ በከተማ የስፖርት ማዘውተሪያ ቤት አሠሪ መሆን ትችላለች። ትምህርቷን ገፍታ በዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመርም አለ። ይሁንና ዲግሪው ብቻውን የሥራ ዋስትና አይደለም፤ እንደ ሌላውም የትምህርት ዓይነት ተመርቆ ሥራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ገና በትምህርት ላይ ሳለች የአሠልጣኝነት ፈቃድ ኮርስ ብትወስድ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ብትለማመድ፣ በዕረፍቷ የሠፈር ሕፃናትን ሰብስባ ብታሠራ ኋላ ይጠቅማታል። ታዋቂ ሯጭ ትሆናለች ብለው ግን አይጠብቁ። ሯጮቹ ጥቂት ናቸው፤ ከአንድ ሯጭ ጀርባ የሚቆሙት ባለሙያዎች ግን ብዙ ናቸው።

በዚህ ረገድ ሴት መምህርት ያላት ቦታ የተለየ ነው። የወር አበባዋ መጥቶ ከሜዳው ዳር የምትቀመጥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ለወንድ መምህሯ ምክንያቷን አትነግረውም፤ «ሆዴን አመመኝ» ብላ ታልፋለች። ቀስ በቀስም ከስፖርቱ ትርቃለች። ሴት መምህርት ቢኖራት ግን ትነግራታለች። መምህርቷም ቀላል እንቅስቃሴ ሕመሙን ሊያስታግስ እንደሚችል ታስረዳታለች። የእርስዎ ልጅ አንዲት ሆና ብትመረቅ፣ ከሜዳው ዳር የሚነሡት ልጆች ግን ብዙዎች ናቸው።

እርስዎም ተማሪ ይሁኑ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ለልጆች ደግሞ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ይመከራል። የሐኪም ክልከላ ከሌለባት ነፍሰ ጡርም 150 ደቂቃው ይመከርላታል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። በቢሮ ወንበር ላይ የምትውል ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ በእግሯ ብትሄድ ጀመረችው ማለት ነው።

ወደ አዘዞዋ ቤት እንመለስ። ቡናው ተጠጥቶ ጎረቤቶቹ ሲነሡ፣ «ለመሮጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ?» ያሉት እናት ጉልበታቸውን ይዘው «ኡፍ!» አሉ። ልጅቷ ፈጥና ክንዳቸውን ደገፈችና፣ «እትዬ፣ ሲነሡ እግርዎን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት፤ ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ይነሡ» አለቻቸው። ተመልሰው ተቀመጡ፤ እንዳለቻቸው አድርገው ተነሡ። «እህ! ይሄም ይማሩታል እንዴ?» አሉ። እናቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው፣ «ታዲያስ! እሱን ነው የምትማረው» ሲሉ መለሱላቸው።

እርስዎም ልጅዎ ያንን ምርጫ ይዛ ስትመጣ፣ «እምቢ» ወይም «እሺ» ከማለትዎ በፊት «እስቲ ምን እንደምትማሩ ንገሪኝ» ይበሏት። ከነገረችዎት በኋላ አብራችሁ ብትወስኑ መልካም ነው እንላለን።