ዲማ ያለችበትን መጽሐፍ አንብበን እንመዝን

ፊደል ለይታችኋል፣ ይህንንም ጽሑፍ ቀስ እያላችሁ ታነባላችሁ። አሁን የምትጠይቁን፣ «ከዚህ ወዲያ ምን እናንብብ?» እያላችሁ ነው። እኛ አስተማሪዎቻችሁ ተማክረን አንድ መጽሐፍ መርጠናል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ይባላል። የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው።

ለምን እሱን መረጣችሁ? ትሉን ይሆናል። ዲማ ስላለችበት ነዋ! ሐዲስ የጎጃም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዲማ ድረስ መጥተው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ጌታ ዲማ ላይ ይኖራሉ። ሰብለ ወንጌል የምትባል ልጅ አለቻቸው። በዛብህ የሚባል የመንኩሳ ሰው ሊያስተምራት ወደ ቤታቸው ይገባል። ነገሩ ከዚያ ይጀምራል። ፍጻሜውን አንነግራችሁም።

ይህ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ከልቡ ያፈለቀው ታሪክ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን በእውን ያየ ሰው የለም። አገሩ ግን የእናንተ አገር ነው።

መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ከ500 ገጽ ይበልጣል። አይታችሁ አትደንግጡ። ሰፊ ማሳ በአንድ ጀምበር አይታረስም፤ ትልም በትልም ነው። በቀን 2 ገጽ ብታነቡ 500 ገጽ በ250 ቀን ያልቃል። ይህ ስምንት ወር ከአሥር ቀን ነው። ሥራ ሲበዛ፣ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ፣ ግማሽ ገጽም ይበቃል። ልኩን ራሳችሁ ወስኑ። የጎረቤታችሁን ልክ አትዩ፤ ዓይኑም ጊዜውም ሌላ ነው። ብቻ ጨርሶ አትተዉት። ፊደል ካልተነበበ ይጠፋል፤ ይህን በብዙ ሰው አይተናል።

ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ አንብቦታል። የሰማችሁት ትኖራላችሁ። ድምፁ ደስ ይላል። ሬዲዮ ግን አይጠብቅም፤ ቃሉ ካመለጠ አመለጠ ነው። መጽሐፍ ይጠብቃችኋል። ወደ ኋላ ገልጣችሁ ደግማችሁ ታነባላችሁ።

ታዲያ ማንበብ ብቻውን አይበቃም። አንብባችሁ ፍረዱ። «እኛ ገበሬዎች መጽሐፍ ልንተች?» አትበሉ። ዲማ የቅኔ አገር ናት። ተማሪ ቅኔውን ይዘርፋል፤ መምህሩ ሰምተው ያርሙታል፤ ካማረም «ይበል!» ይባልለታል። መጽሐፍም እንዲሁ ይመዘናል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ባላገሮች ከፊታውራሪ ጋር ይጣላሉ። የባላገር ንግግር እንደዚያ ነው ወይ? ይህን ከከተማ ሰው ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

እናቶችም የምትሉት አለ። ፊታውራሪ በዘር የሚመጥናት የለም እያሉ ልጃቸውን ሳይድሩ አቆይተዋታል። እንዲህ ያለ አባት በአገራችሁ አለ ወይስ ደራሲው አጋነኑት?

ደብተር ያዙ። ባነበባችሁ ቁጥር ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። ምን ሆነ? ማንን ወደዳችሁ? የቱ ነገር አልመሰላችሁም? «ጥሩ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ለምን ጥሩ ሆነ? የገጹን ቁጥርም አስፍሩ፤ በኋላ ክርክር ሲነሳ ያስፈልጋል።

እኛም ፍርዳችንን እንናገር። ጉዱ ካሣ የሚባል ሰው አለ። እውነት ተናጋሪ ነው፣ እንወደዋለን። ግን ንግግሩ አንዳንዴ ይረዝማል። ከመካከላችን ግማሹ «ሰው እንዲህ አያወራም» አለ። ግማሹ ደግሞ «የተማረ ሰው ብሶት ሲይዘው ከዚህም በላይ ያወራል» ብሎ ተሟገተ። እስካሁን አልተስማማንም።

እዚያ ገጽ ስትደርሱ በደብተራችሁ ፍርዳችሁን ጻፉልን። ሰው እንዲህ ያወራል ወይስ አያወራም?